ፖምፓው ሞቷል ከማለታችን በፊት

በዛሬው ዓምዴ ልነግርዎ ያሰብሁት እኔ ራሴ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ነው። መምህር ስሕተቱን በአደባባይ ሲናገር ጥቂት ማፈሩ አይቀርም፤ ዳሩ ግን ከዚህ ስሕተት የተገኘው ትምህርት ከእፍረቱ ይበልጣል፤ ደግሞም ነገሩ አንድን ቅን ሰው በከንቱ ያሰደበ ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፉን ኅሊናዬ አልወደደውም። ጉዳዩ የመኪና ጉዳይ ነው። «እኔ መኪና የለኝም» ብለው ገጹን ለመግለጥ እንዳይቸኩሉ እለምንዎታለሁ፤ መኪና እኔም የለኝም። መኪና የሌለው ሰው ግን መኪና ያለው አጎት፣ አለቃ ወይም ጎረቤት አያጣም፤ መኪናይቱም መንገድ ላይ ስትቆም ወርደው ከሚገፉት አንዱ እሱው ነው። እንግዲያስ ከመግፋታችን በፊት ለምን እንደ ቆመች ማወቅ አይከፋም።

አጎቴ በአዲስ አበባ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተ ወዲህ ኑሮው የቆመው በአንዲት ባረጀች አነስተኛ የቤንዚን መኪና ላይ ነው። ጧት ሠራተኛ ያደርስባታል፤ ማታ ይመልስባታል፤ የሁለቱ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚወጣው ከዚያችው መኪና ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ጮኸ፤ ሞተሩ ግን አልነሣም አለ። መካኒክ ተጠርቶ መጣ፤ ከኋላው ወንበር ላይ ጆሮውን ደፍቶ አደመጠ፤ የፖምፓውን ድምፅ ቢያጣ «ፖምፓው ሞቷል» ብሎ ፈረደ። አጎቴም ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ከሚገዛበት ነጋዴ ዘንድ፣ ከአንድ ወር ደመወዜ በሚበልጥ ዋጋ አዲስ ፖምፓ ገዛ። ፖምፓው ተገጠመ፤ መኪናይቱም ተነሣች። ደስታው ግን ሁለት ቀን አልዘለቀም፤ ሐሙስ ጧት መኪናይቱ እንደገና ዝም አለች።

ቅዳሜ ዕለት እኔ ከማስተምርበት ከደብረ ብርሃን ለዘመድ ጥየቃ ወረድሁ። አጎቴ «አንተ ልጅ፤ ፊዚክስ ተምረሃል አይደለም? እስቲ እያት» አለኝ። የልብ ልብ ተሰማኝ። የኋላውን ወንበር አነሣሁ፤ ከፖምፓው ራስ ላይ የሽቦውን ሶኬት ነቀልሁ፤ አጎቴ ቁልፉን ሲከፍት የሶኬቱን ሁለት እግሮች በቴስተር ለካሁ። 12.4 ቮልት! ከዚያም ቀና ብዬ፣ በክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ «ጋሼ፤ ኤሌክትሪኩ ሙሉ ሆኖ ደርሷል፤ ጥፋቱ የፖምፓው ነው፤ የሸጡልዎ ብልሹ ዕቃ ነው» አልሁ።

አጎቴ ይህን ሰምቶ በቤቱ አልተቀመጠም። ወደ ነጋዴው ሄዶ ደንበኞች በቆሙበት «የውሸት ዕቃ ሸጠህ አዋረድኸኝ» ብሎ ጮኸበት። ነጋዴው መልሱን በዝግታ ነበር የተናገረው፤ «ገንዘብህን እነሆ ውሰድ፤ ስሜን ግን በእነዚህ ሰዎች ፊት እንዴት አድርገህ ትመልስልኛለህ?» አለው። አጎቴ ገንዘቡንም ሳይወስድ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ተመለሰ። የሃያ ዓመት ወዳጅነት በእኔ አንድ መለኪያ ተቈረጠ ማለት ነው።

መለኪያው አልዋሸም። የዋሸው የእኔ አተረጓጐም ነው። ይህን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ፖምፓው ምን እንደ ሆነና ትእዛዙ በማን በማን እጅ አልፎ እንደሚደርሰው ማየት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገር ይሻል፤ አየር፣ ቤንዚንና በጊዜው የሚደርስ የካንዴላ ብልጭታ። ቤንዚኑን ከታንከር ወደ ሞተር የሚገፋው ፖምፓ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ብዙ ዘመን ያገለገሉት ላዳዎች የዱሮው ዓይነት ፖምፓ ያላቸው ናቸው። ይህ ዓይነቱ ፖምፓ ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ ሞተሩ ራሱ በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ይሠራል፤ በውስጡም ከፍ ዝቅ የሚል ስስ ሽፋን አለው። ኤሌክትሪክ አይሻም፤ ግፊቱም ከግማሽ ባር ያነሰ ነው፤ ካርቡራተሩ ከዚያ የበለጠ አይፈልግምና።

በ1967 በፈረንጅ አቈጣጠር ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ ብሎ የሰየመውን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ አወጣ። እንዲህ ያለው ሥራ ቀስ በቀስ ካርቡራተርን ከአዳዲስ መኪኖች አስወጣው። ቤንዚንን እንደ ጉም አድርጎ ለመርጨት ግን ብርቱ ግፊት ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹ መኪኖች 3 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ፖምፓ ተሠራ፤ በዛሬዎቹ መኪኖችም የሚቀመጠው ከታንከሩ ውስጥ፣ ከቤንዚኑ መካከል ነው።

«ኤሌክትሪክ በቤንዚን መካከል? ስለምን አይቃጠልም?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ተኑ ከአየር ጋር በልክ ሲቀላቀል ነው፤ ልኩም ከመቶ 1.4 እጅ እስከ 7.6 እጅ ነው። በታንከሩ ውስጥ ተኑ ከዚህ ልክ በጣም ስለሚበዛ የሚያቃጥለውን ያህል አየር አያገኝም። ቤንዚኑ ፖምፓውን ከማቃጠል ይልቅ ያቀዘቅዘዋል፤ ያለሰልሰዋልም። የታንከሩ መብራት ቀይ እስኪሆን ድረስ ዘወትር የሚነዳ ሰው ፖምፓውን በሙቀት ያስረጀዋል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ትእዛዙ መንገድ እንምጣ። በመሥሪያ ቤት የሚውሉ አንባቢዎቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አንድ ደብዳቤ ከአለቃው ቢሮ ወጥቶ፣ በጸሓፊዋ፣ በመዝገብ ቤቱና በተላላኪው እጅ አልፎ ባለጉዳዩ ዘንድ ይደርሳል። ባለጉዳዩ ያልፈጸመ እንደ ሆነ «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ደብዳቤው ደርሶት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የፖምፓውም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ነው፤ ከባትሪው ይነሣል፤ በፊውዝ ያልፋል፤ ከዚያም ሪሌ በምትባል ትንሽ ሣጥን ያልፋል፤ በረጅም ሽቦ ወደ ኋላ ሄዶ በሶኬቱ በኩል ፖምፓው ውስጥ ይገባል። ነገር ግን በዚህ አያበቃም፤ ከፖምፓው ወጥቶ በኔጋቲቩ ሽቦ ወደ መኪናይቱ ብረት፣ ከብረቱም ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻ የሌለው ኤሌክትሪክ መሄጃም የለውም። ሪሌዋን «ክፈቺ፣ ዝጊ» እያለ የሚያዝዘው ደግሞ የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው።

እንግዲህ የእኔ ስሕተት የቱ ላይ ነው? ማክሰኞ ዕለት በክፍል ውስጥ የኦምን ሕግ ሳስተምር፣ ከኋላ መደዳ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፤ መቶ ቀጫጭን ክር ካለው ሽቦ ዘጠና ዘጠኙ ቢበጠስና አንዱ ብቻ ቢቀር፣ ቮልት መለኪያው ያውቃል?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትሁና ቆምሁ። የአጎቴ መኪና በዐይኔ መጣች።

ጥያቄዋን በቁጥር እንየው። ፖምፓው በደኅናው ጊዜ 5 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለቀላል ስሌት የፖምፓው ተቃውሞ 2.4 ኦም ነው እንበል። በመንገዱ ላይ አንድ የዛገ መጋጠሚያ አለ፤ ተቃውሞውም 10 ኦም ነው እንበል። ባትሪው 12.4 ቮልት ነው። ሁለቱ ተቃውሞዎች ሲደመሩ 12.4 ኦም ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሚያልፈው 1 አምፔር ብቻ ነው። ከ12.4 ቮልቱ ውስጥ 10ሩን ዝገቱ ይበላል፤ ለፖምፓው የሚደርሰው 2.4 ቮልት ይሆናል። በዚያ ደግሞ ፖምፓ አይዞርም።

አሁን ሶኬቱን ነቅለን በፖምፓው ፋንታ ቴስተሩን እናግባ። የደኅና ቴስተር ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ገደማ ነው። የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ እጅ እምብዛም አይበልጥም። ለዚህ ያህል ቅንጣት 10 ኦም እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ ቴስተሩ «12.4 ቮልት ደርሶኛል» ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ ለእሱ ደርሶታል። ለፖምፓው ግን አልደረሰም። ጠባብ በር ሕፃን ሲያልፍበት ሰፊ ይመስላል፤ በሩ ጠባብ መሆኑ የሚታወቀው ሬሳ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች ሊያልፉበት ሲሞክሩ ነው። ሸክም በሌለበት የተለካ ቮልት እንዲሁ ነው።

ለተማሪዋ «አያውቅም» ብዬ መለስሁላት። ቀጥዬም «እኔም አላወቅሁም ነበር» አልሁ፤ ተማሪዎቹ ሣቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ከእንግዲህ ወዲያ፣ ሞተሩ የማይነሣ መኪና ሲገጥምዎ በዚህ ተራ ይሂዱ። ተራው የተደረደረው ዋጋ ከሌለው ወደ ውዱ፣ ከቀላሉም ወደ አስቸጋሪው ነው።

መጀመሪያ ሞተሪኖው ደኅና መዞሩን ያረጋግጡ። የማይዞር ወይም የሚያቃስት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው እንጂ ፖምፓው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቤንዚን መኖሩን ያረጋግጡ። ይህን ስል አይሣቁብኝ፤ የቤንዚን መቈጣጠሪያው መርፌ በብዙ ያረጁ መኪኖች ላይ ይዋሻል። አምስት ሊትር ቤንዚን ከአዲስ ፖምፓ እጅግ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ያድምጡ። በብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሪኖው ሳይዞር፣ ፖምፓው ለሁለት ሰኮንድ ያህል «እዝዝ» ብሎ ዝም ይላል። አንዱ ቁልፉን ይክፈት፤ ሁለተኛው ከኋላ ወንበር ወይም ከቤንዚን መሙያው አጠገብ ያድምጥ። በአንዳንድ መኪኖች ግን ፖምፓው የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝምታው ብቻውን ማስረጃ እንዳይሆንብዎ ይጠንቀቁ። ድምፁ ከተሰማና ሞተሩ ካልተነሣ መንገዱ ሌላ ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ግፊት ወይም የካንዴላ ብልጭታ ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው የግፊት መለኪያ ያለው ባለሙያ ነው።

አራተኛ፣ ፊውዙን ይዩ። የፊውዙ ሣጥን ክዳን የትኛው የፖምፓው እንደ ሆነ ያመለክታል። የተቃጠለ ከሆነ በዚያው ልክ ይተኩ፤ በዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ፊውዞች ላይ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፔር ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ወይ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል፤ ወይም ፖምፓው ተጣብቆ ከልኩ በላይ እየሳበ ነው። በዚህ ጊዜ የሲጃራ ወርቅ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ያጋጥምዎታል፤ እጁን ይያዙት። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ብሎ ነው፤ ሽቦውም የሚያልፈው በቤንዚን አጠገብ ነው።

አምስተኛ፣ ሪሌዋን ይመርምሩ። ቁልፉ ሲከፈት ጣትዎን ቢያሳርፉባት «ጠቅ» ስትል ይሰማዎታል። ከአጠገቧ በቅርጽም በቁጥርም አንድ ዓይነት የሆነች፣ ለምሳሌ የክላክስ ሪሌ ካለች፣ ሁለቱን ያለዋውጡ። ፖምፓው ተነሥቶ ክላክሱ ዝም ካለ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ስድስተኛ፣ ሪሌዋ ፈጽሞ «ጠቅ» ካላለች አዛዡን ይጠርጥሩ። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላወቀ ፖምፓውን አያስነሣም፤ አስነሥቶም እንደ ሆነ መልሶ ያጠፋዋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ መኪና ተገልብጣ ቱቦዋ የተበጠሰ እንደ ሆነ ፖምፓው ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዳይረጭ የተደረገ ጥበቃ ነው። የሞተሩን መዞር የሚነግረው ትንሽ ሴንሰር ሲበላሽ ምንም ያልበደለው ፖምፓ ዝም ይላል። በአንዳንድ የፎርድ መኪኖች ላይ ደግሞ በማግኔት የተያዘች የብረት ኳስ ያለችበት ማጥፊያ አለ፤ ብርቱ ግጭት ኳሷን ሲያስለቅቃት ፖምፓው ይቆማል፤ መልሶ ለማስነሣት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ይህን ያላወቀ ሰው መኪናውን በገመድ እያስጐተተ ጋራዥ ያደርሳል።

ሰባተኛ፣ ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ ሶኬቱ ይሂዱ። እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡ። በባዶው አይለኩ፤ ሸክም አስይዘው ይለኩ። ለዚህ የሚሆን ርካሽ መሣሪያ የፍሬን መብራት አምፖል ነው። 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳል፤ ስለዚህ የሽቦውን ጥንካሬ ይፈትናል። አምፖሉን ከሁለት ሽቦ ጋር አስረው በፖምፓው ፋንታ ከሶኬቱ ጋር ያገናኙ፤ ከዚያ ቁልፉ ይከፈት። ደምቆ ከበራ ኤሌክትሪኩ በእውነት ደርሷል፤ ፖምፓውን መጠርጠር ይቻላል። ፈዞ ከቀላ በመንገዱ ላይ ዝገት ወይም የላላ ነገር አለ። ፈጽሞ ካልበራ መንገዱ ተቈርጧል። ይህን አምፖል ግን በኮምፒዩተሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ እንዳይሞክሩት፤ ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መንገዱ መታመሙ ከታወቀ በኋላ የቀረው ሄያጁንና ተመላሹን መለየት ነው። የአምፖሉን አንድ ጫፍ ከፖዚቲቩ ሽቦ ሳያላቅቁ፣ ሁለተኛውን ጫፍ ከኔጋቲቩ ሽቦ አንሥተው ንጹሕ የመኪናይቱን ብረት ያስነኩ። አሁን ከደመቀ ፖዚቲቩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የተመላሹ ነው። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ፖምፓው በሶኬቱ ላይ እንዳለና እንዲሠራ በታዘዘበት ሰዓት፣ በፖምፓው ኔጋቲቭ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ይለካ። ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የጠፋው ቮልት የተበላው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ፖምፓው የሚከሰሰው እንግዲህ በመጨረሻ ነው። ኤሌክትሪኩ በሸክም ተፈትኖ ደኅና ሆኖ ሳለ ዝም ካለ፣ እውነትም ሞቷል። ከታንከሩ ሥር በጎማ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ የሚነሣ ፖምፓም ያጋጥማል፤ ያ መዳኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው ካርቦን ማለቁን መናዘዙ ነው፤ ቤት ካደረሰዎ በኋላ ይለወጥ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደለኛ እሆናለሁ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቃጠል ተን ያወጣል። ስለዚህ ይህን ሁሉ ሲሠሩ መኪናይቱ በአየር ላይ ትቁም፤ በሮቿ ይከፈቱ፤ ሲጃራ አይቅረብ፤ የእሳት ማጥፊያ በአጠገብዎ ይኑር። የቤንዚን ሽታ ካለ አምፖሉንም ቴስተሩንም ይተዉት። አምፖሉ ቁልፉ ከመከፈቱ በፊት ይገናኝ፤ ከተዘጋም በኋላ ይነቀል፤ ብልጭታ የሚፈጠረው በመገናኘትና በመላቀቅ ነውና። የቤንዚኑን ቱቦ ግን አይፍቱ፤ ሞተሩ ቆሞም ግፊቱ በውስጡ ይቆያል። የወለቀ ፖምፓንም «እስቲ ይዞር እንደ ሆነ» ብለው በባትሪ አይሞክሩ፤ ከታንከሩ ወጥቷልና የጐደለውን አየር አሁን አግኝቷል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በተከታዩ ቅዳሜ አንድ አምፖል፣ ሁለት ሜትር ሽቦና አንድ ቅዳጅ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ወረድሁ። አምፖሉን ከሶኬቱ ጋር አገናኘሁ፤ አጎቴ ቁልፉን ከፈተ፤ አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ እንጂ አልበራም። ቁልፉ ተዘጋ። አንዱን ጫፍ ወደ ንጹሕ ብረት አዛወርሁ፤ ቁልፉ ተከፈተ፤ ቦግ አለ። ኔጋቲቩን ሽቦ በጣቴ እየተከተልሁ ከምንጣፉ ሥር ገባሁ፤ በአንድ ብሎን ከመኪናይቱ ብረት ጋር የታሰረበት ቦታ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ብሎኑን ፈታን፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፤ ጥቂት ግራሶ ቀብተን መልሰን አጠበቅን። ሶኬቱን ከፖምፓው ጋር አገናኝቼ ቁልፉ ሲከፈት «እዝዝ» አለ። ሞተሩም በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። አዲሱ ፖምፓ ሁለት ቀን የሠራበት ምክንያትም ያን ጊዜ ተገለጠልን፤ መካኒኩ ምንጣፉን ሲያነሣ ሽቦውን ነቅንቆት ኖሮ ዝገቱ ለጊዜው ተፍቆ ነበር። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው።

አጎቴ አልሣቀም። ሞተሩን ሳያጠፋ «ግባ» አለኝ፤ ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቅሁትም። ሶማሌ ተራ ስንደርስ ከነጋዴው በር ላይ እሱ ከመናገሩ በፊት እኔ ቀደምሁ፤ «ጋሼ፤ ፍርዱ የእኔ ነበር፤ ዕቃዎ ደኅና ነው፤ በማይለካበት ለክቼ ነው» አልሁ። ደንበኞች ቆመው ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁትም ስለ እነርሱ ነው። ነጋዴው ረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና ልጁን ሻይ ላከው። አጎቴ ጐንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ቀጥሎ ስለ መኪና አንድም ቃል አልተነሣም።

የቀድሞው ፖምፓ እስከ ዛሬ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከአጎቴ ቁም ሣጥን ሥር አለ። ተቃውሞውን በቴስተር ለክቼዋለሁ፤ ጥቂት ኦም ነው፤ ይህ ብቻውን ጤናማ ነው አያሰኝም፤ ሞቷል ለማለት ግን ማስረጃ የለም። ምናልባት የአንድ ወር ደመወዝ የወጣው ለአንድ የዛገ ብሎን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉትን የቤንዚን መኪኖች በጥንቃቄ መያዝ ግድ ነው። መኪና ሲያረጅ ከሞተሩ ይልቅ መጋጠሚያው ይታመማል። ፈትሾ የሚጠግን ሰው በዚህ ዘመን ለባለ መኪናው ገንዘብ፣ ለነጋዴው ስም ይጠብቃል። ነገሩም በመኪና አይወሰንም። ጧት ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ሲያጋጥመኝ «ሰነፍ ነው» ለማለት ምላሴ ይቸኩል ነበር፤ አሁን ግን ቁርሱን በልቶ እንደ ሆነ፣ ከሩቅ በእግሩ መጥቶ እንደ ሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የዚያችን ተማሪ ጥያቄ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ፈተና ላይ አንደኛ ጥያቄ አድርጌ አወጣሁት። ከክፍሉ ግማሹ «መለኪያው ያውቃል» ብሎ ጻፈ። ስሕተታቸውን በቀይ አሠመርሁ እንጂ አልተቈጣሁም፤ ያ መልስ ከጥቂት ሳምንት በፊት የእኔም መልስ ነበርና።